የታላቅየዋ ምላስ

«ቅመሺልኝ እትዬ፣ ግን ማንም እንዳያይሽ» አለች ታናሽየዋ የዓሳውን ሶስ በማንኪያ እያቀበለች። አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ድምፅዋም ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጉንፋን ከያዛት ሦስት ቀኗ ነው። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ጨውና ስኳር መለየት አቅቷታል፤ ይህንንም ከእህቷ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። የሼፏ ምላስ አልሠራ አለ ተብሎ ከተወራማ አለቀላት።

ታላቅየዋ ማንኪያውን ተቀብላ ወዲያው አልቀመሰችም። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው የእህቷ ነጭ ጃኬት ላይ ነው። ደረቱ ላይ ስሟ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። የራሷ ጃኬት ላይ ያለው የሆቴሉ ስም ብቻ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ፊደል እንኳ አልተጨመረችበትም።

ሆቴሉ ሁለት ምግብ ቤት አለው። አንዱ ፎቅ ላይ ያለው ነው፤ ታላቅየዋ እዚያ የቁርስ እንቁላል ስትጠብስ ትውላለች፣ መስኮቱም የሚያየው የልብስ ማጠቢያውን ጓሮ ነው። ሌላው ዛሬ ቁርሱን ጨርሳ እህቷን ልታግዝ የወረደችበት ይሄ ነው፤ ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ የተሠራ፣ ሦስት ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ሰው ከወር በፊት ቦታ አስይዞ የሚመጣበት። የዚህ አዛዥ ናዛዥ ደግሞ ታናሽየዋ ሆነች። ለመሆኑ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደጅ ጠንታ ድንች ላጭ አድርጋ ያስቀጠረቻት ማን ነበረች? ቢላ አያያዝ ያሳየቻት፣ ስትቆረጥ ጣቷን ያሰረችላት ማን ነበረች? አሁን ይሄን የሚያስታውስ የለም።

ዛሬ የታናሽየዋ የሙከራ ጊዜ ያልቃል። ባለሆቴሉ ራሳቸው ከአሥር እንግዶቻቸው ጋር ለምሳ ተቀምጠዋል። ዓሳውን ከወደዱት ቦታው ይጸናላታል። ካልወደዱት፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ለታላቅየዋ በጆሮዋ ሹክ እንዳላት፣ ተረኛዋ እሷ ናት።

ቀመሰች። ሎሚው፣ ቅቤው፣ ወይን ጠጁ፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጧል። ምንም የጎደለው ነገር የለም። ያለ ምላስ፣ በእጅ ልማድ ብቻ የተሠራ ሶስ እንዲህ ልክ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ታርምላት ነበር፣ ከልቧ ነበር የምታርምላት። ለምን ጣፈጠ?

«እ?» አለች ታናሽየዋ።

«ጨው ያንሰዋል።»

ታናሽየዋ «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ጨው ዘግና ጨመረች፣ አማሰለችው። «አሁንስ?»

«ትንሽ ድገሚበት።»

ደገመችበት። ከዚያ ድስቷን እንደያዘች በክንዷ አፍንጫዋን ጠረገችና ፈገግ አለች። «እንኳን አንቺ ኖርሽልኝ እትዬ። ሌላ ሰው ብጠይቅ እኮ ጨው አስደፍቶ ነበር ጉድ የሚሠራኝ።»

የታላቅየዋ ፊት ጋለ። ያየችባት መስሏት ነበር፤ ግን በታናሽየዋ ዓይን ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም፣ እንደ ልጅነቷ ዝም ብሎ ያምናል። ታላቅየዋ ድስቷን ከእጇ ነጥቃ ማጠቢያው ውስጥ ገለበጠችው።

«ምን ሆነሻል?»

«አሯል። ከሥሩ አሯል፣ አይሸትሽም?»

«ምን ይሸተኛል እኔ» አለች ታናሽየዋ፤ እንባዋ መጣ። «ዓሳው እኮ ሊወጣ ነው።»

«አሥር ደቂቃ ስጪኝ። አንቺ ዓሳሽ ጋ ሂጂ።»

ሽንኩርቱን እንደ ዱቄት አደቀቀችው። ወይን ጠጁን አፍልታ አፍልታ ሁለት ማንኪያ እስኪቀር አስተነነችው፣ ከእሳት አወጣችና ቀዝቃዛውን ቅቤ በቁራጭ በቁራጭ እየጣለች ትመታው ጀመር። ለእሷ ብላ አይደለም፤ ይሄን ለራሷ ደጋግማ ነገረች። የእሷ ልክ ከነበረ የኔ ከልክ በላይ ይሁን ብላ ነው። ክንዷ እስኪዝል መታችው፣ ሎሚውን በጠብታ ቆጠረች፣ ጨዉን በሁለት ጣቷ ጫፍ በተነች። ከዚያ ቀመሰችው።

እኩል ነበር። አልበለጠም።

ሰሐኖቹ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ አስተናጋጁ ገብቶ «ሼፍ፣ ይፈልጉሻል» አለ፤ ታናሽየዋ ጃኬቷን ስባ አስተካክላ ወጣች። ታላቅየዋ በተወዛዋዡ በር ላይ ባለችው ክብ መስታወት ተጠግታ ታይ ጀመር። ባሕሩ ከእንግዶቹ ጀርባ ያብረቀርቃል። ባለሆቴሉ በዳቦ ቁራጭ ሰሐናቸውን እየጠረጉ ነው። አሁን ይመሰገናል የኔ ሶስ፣ በእሷ ስም፤ አለች በሆዷ።

«እንዲህ ያለ ሶስ በልቼ አላውቅም» ሲሉ በበሩ ክፍተት ሰማቻቸው። «ቦታው ያንቺ ነው።»

ታናሽየዋ ወደ ክርኗ አሳለችና ቀና አለች። «ሶሱ የኔ አይደለም። ጉንፋን ይዞኝ ከትናንት ጀምሮ ምላሴ አይቀምስም፤ መናገር ነበረብኝ፣ ፈርቼ ነው። የኔማ አሮብኝ ተደፋ። አሁን የበላችሁትን ደግማ የሠራችው ታላቅ እህቴ ናት።»

ታላቅየዋ የበሩን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። በዚህም በለጠችኝ አለች በሆዷ፤ ቅናቱ ከቅድሙ የባሰ አንገበገባት።

ባለሆቴሉ «የታለች ታዲያ?» ሲሉ ታናሽየዋ በጣቷ ወደ በሩ አመለከተች። አሥራ አንድ ሰው ወደ ክቧ መስታወት ዞረ። ታላቅየዋ ቁጢጥ አለች፤ ከመስታወቷ በታች፣ እንዳይታይ አድርጋ ጭንቅላቷን ቀበረች። የእህቷ ጫማ ኮቴ እየቀረበ መጣ።

«እትዬ፣ ነይ ይጠሩሻል» አለች ታናሽየዋ በሩን ከወዲያ በኩል እየገፋች። ታላቅየዋ ጀርባዋን ለጠፈችበትና እግሯን ወለሉ ላይ አጽንታ፣ እንዳይከፈት መልሳ ገፋችው።