ድንቅነሽ እንዳትጠፋ

ግራዝማች አንለይ መጽሐፍ ፈርተው አያውቁም ነበር። መጽሐፍ ማለት ለሳቸው ዳዊት ነው፤ ዳዊት ደግሞ ሰው አያስኮበልልም። ፍርሃቱ የመጣው መምህር ደሞዝ ወደ ወረታ ከተማ ተመድቦ፣ ግቢያቸው ውስጥ ቤት ተከራይቶ ከገባ ወዲህ ነው።

ደሞዝ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጅ ይቀመጥና አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብላቸዋል። መጽሐፉ ስለ አሜሪካ ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመት ግድም። በዚያ አገር ሰው እንደ በሬ ገበያ ወጥቶ ይሸጥ ነበር። ይኸ ነውር ነው ያሉ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፣ መጽሐፍ ጻፉ፣ የሚያመልጠውን ባሪያ ከቤት ቤት እየደበቁ ወደ ሰሜን አሻገሩ።

«ወደ ሰሜን?» አሉ ግራዝማች። «እንደኛ ቢሆን ጎንደር መሆኑ ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

ድንቅነሽ ምሰሶውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ድንቅነሽ ከግራዝማች እናት ውርስ ጋር ወደዚህ ቤት የመጣች ናት። አዋጁ ነጻ ነሽ ካላት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እሷም አልሄደች፣ ሂጂ ያላትም የለም። የሚበሉትን ወጥ የጨው ልክ የምታውቅ እሷ፣ ክረምት ሲገባ ጉልበታቸውን በቅቤ የምታሽ እሷ። ያለ ድንቅነሽ ቤቱ ቤት አይደለም። ይህን ለማንም አይናገሩት እንጂ ልባቸው አሳምሮ ያውቀዋል፤ ስለዚህም ፈሩ።

ሚስታቸው ይታይሽ ለቅሶ አታበዛም። ገና ልጅ ናት። ከይፋግ ሲያገቧት ትምህርት ቤት ነበረች፤ ያው፣ ባለትዳር ምን ያደርግላታል ተብሎ ቀረ። ጠላ ትቀዳለች፣ አልፎ አልፎም ትጠይቃለች።

«መምህር፣ የሸሹት ሰዎች ስንቃቸው ምን ነበር?»

«አይ ሴት» ብለው ሳቁ ግራዝማች፤ «ሐሳቧ ሁሉ ሆድ።»

አንድ እሑድ ደሞዝ፣ እነዚያው ለባሪያ የጮኹ ሴቶች ኋላ ስለ ራሳቸውም መጮህ እንደጀመሩ አነበበ። ያገባች ሴት በገዛ ራሷ ለምን አታዝም ብለው ጉባኤ ጠሩ አለ። ይኸኛው ክፍል ግራዝማችን አሰለቻቸው። ደጋግመው አዛጉና አንቀላፉ።

ሲነቁ ድንቅነሽ በሶ ትወቅጣለች። በሶ እንግዲህ የመንገደኛ ስንቅ ነው።

«ለማን ነው?»

«ለቤት ነው ጌታዬ» አለች አንገቷን ደፍታ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግራዝማች ሳይቃጠል በቅጠል ብለው በማግስቱ ቄስ ማረውን አስጠሩ።

«አባ፣ ይችን ሴት ይገዝቱልኝ። ያለፈቃዴ የርብን ወንዝ እንዳትሻገር።»

ቄስ ማረው ፊታቸው ጠቆረ። «እሷ እኮ ነጻ ሰው ናት ግራዝማች።»

«ነጻነቷን ማን ነካው? እንዳትሄድ ብቻ ነው።»

ቄሱ የዚህን ቤት እህል ብዙ ቀን በልተዋል። መስቀላቸውን አወጡና ገዘቷት። ድንቅነሽ ተሳለመች፤ እንባዋ ግን አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። ግራዝማች አይተዋል፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

ይታይሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «አባ፣ ግዝቱ እኔንም እንዳይዘኝ? ዘመዶቼ ከርብ ማዶ፣ ይፋግ ናቸው፤ ለቅሶ አይታጣም።»

«ስሟ የተጠራው ድንቅነሽ ብቻ ናት ልጄ።»

«ተመስገን።»

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ግራዝማች ቁሐር ሚካኤልን ሳያነግሡ የቀሩበት ዓመት የለም። ዘንድሮ ግን ድንቅነሽን ለማን ጥለው? ግዝት ቢኖርም፣ እንባ ያፈሰሰ ሰው አይታመንም።

መላውን ያመጣች ይታይሽ ናት። «ይዘዋት ይሂዱ እንጂ። ከዓይንዎ ካልራቀች የት ትደርሳለች? ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ።»

ግራዝማች በሚስታቸው ብልሃት ኮሩ። እንዲህ ያለች ሴት የሰጠኝ አምላክ ይመስገን አሉ፤ ከልባቸው ነው።

ድንቅነሽን ከበቅሏቸው ፊት ፊት አስኬዷት፤ መምህር ደሞዝም አብሯቸው ወጣ። ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ ካጠገባቸው አልራቀችም። ችግሩ የመጣው በመልስ ነው። ገና መንገዱን ሲጀምሩ «እግሬን» ብላ ተቀመጠች። ተነሥታ ጥቂት ሄደችና ደግሞ ተቀመጠች።

ግራዝማች ወዲያው ገባቸው። «አምሽተሽ በጨለማ ልትሰወሪብኝ? ይህንንስ እኔም አውቀዋለሁ።»

ከበቅሎዋ ወርደው እሷን አስቀመጧት። ልጓሙን ራሳቸው ይዘው፣ ያልደረቀውን የፎገራን ጭቃ እየረገጡ፣ ቀስ እያሉ ሳቡ። መንገደኛው ቆሞ ጉድ አለ። መምህር ደሞዝ ከኋላ ይከተላል። ግራዝማች ደንታም አልሰጣቸው፤ ድንቅነሽ እጃቸው ላይ አለች፣ ሌላው ትርፍ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤት ገቡ። ወገባቸው ተቆርጧል፣ ልባቸው ግን አርፏል። መደቡ ላይ ዘፍ አሉ።

«ይታይሽ፣ ነይ እግሬን እጠቢኝ። ድንቅነሽን ይዣት መጥቻለሁ።»

ድንቅነሽ ሳታነክስ ገብታ የእግር ውሃውን አቀረበች። «እሜቴስ በጧት መኪና ተሳፍረው ይሄኔ ጎንደር ገብተዋል ጌታዬ» አለች።