የፍልፈሉ ቀዳዳ

ውኃው ከግድቡ ግርጌ ሹልክ ማለት ሲጀምር ያየችው አሮጊቷ ኪኑ ነበረች። የታመመ ዳሌዋን ይዛ ከማሳው በላይ ካለ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጣት የምታክል ጅረት ወደ ታችኛው እርከን ስትወርድ አየችና ልትጮህ አፏን ከፈተች።

«እትዬ ኪኑ!» አለ አጠገቧ የቆመው ሳኩዞ። «ዝም አይነቅዝም። ሕጉን ያውቁታል።»

ኪኑ አፏን ገጠመች። በዚህ ተራራ ላይ የሩዝ ማሳ የሚረከብ ሰው የመጀመሪያውን ውኃ ብቻውን ይሞላል፤ ያስተማረው ሰው ደግሞ የዚያን ዕለት ቃል አይተነፍስም። ግድቡ ከያዘ ማሳው የተማሪው ነው። ከተናደ የመንደሩን ውኃ የሚያከፋፍለው የውኃ አባት የቦዩን በር ይዘጋና ማሳው ጥድ ይተከልበታል። ዘንድሮ የውኃ አባቱ ሳኩዞ ነው። ከኪኑ ማሳ ሥር ያለው እርከንም የእሱ ነው፤ ችግኙን ያፈላው እዚያ ስለሆነ ግድቡ ቢናድ ቀድሞ የሚጠረገው የእሱ ልፋት ነው። ሰውየው ቢነጫነጭ አይፈረድበትም።

የኪኑ ልጆች ከተማ ቀርተዋል። ማሳውን የምትረከበው ናጊሳ ከኦሳካ የመጣች ፀጉር ሠሪ ናት። ኪኑ ሥር ሆና ጭቃ ስታቦካ፣ አረም በእጇ ስትነቅል፣ መድኃኒት ሳይረጩ ሩዝ ማብቀልን ስትለምድ ጥቂት ዓመታት ከርማለች። ሌላው ሁሉ ግድቡን በፕላስቲክ ሲሸፍን ኪኑ በጭቃ መለሰኑን አልተወችም፤ ናጊሳም ከእሷ እኩል ትለስናለች። ፍልፈል ግድብ ሲበሳ የሚደረገውን ግን አልተማረችም። በእነዚያ ዓመታት ፍልፈል አልመጣባቸውም፤ ያልመጣን ነገር ማን ያስተምራል? ኪኑ አሁን በራሷ ተናደደች።

ናጊሳ ጅረቷን አየች። ወደ ታች ዘላ ወረደችና ውኃው በሚወጣበት በኩል ጭቃ እያፈሰች ትለጥፍ ጀመር። ኪኑ ዓይኗን ጨፈነች። የዚህ ተራራ ሰው ሁሉ በጎረምሳነቱ ያንኑ ስህተት ሠርቷል። መውጫው ሲደፈን ውኃው ግድቡ ሆድ ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ያፈርሰዋል።

«አንቺ ልጅ!» ሲል ጮኸ ሳኩዞ። «ግድብ ነው እንጂ ፀጉር አይደለም! ዳር ዳሩን ብታስውቢው አይሆንም!»

ኪኑ በምርኩዟ ጫፍ ቁርጭምጭሚቱን ቸብ አደረገችው።

«ኧረ እትዬ! ዱላም ንግግር ነው!»

ናጊሳ መለጠፏን ቀጠለች። የግድቡ ጎን እንደ ሊጥ ሲያብጥ በመዳፏ ስር ተሰማትና ደነገጠች። ጥቂት አሰበች። ከዚያ የለጠፈችውን ጭቃ በገዛ እጇ ቧጥጣ ጣለችው። ውኃው ከበፊቱ ብሶበት ወጣ።

«አበደች እንዴ?» አለ ሳኩዞ። ከልቡ ነበር የፈራው።

ኪኑ ግን ተስፋዋ ነፍስ ዘራ። ልጅቷ ገብቷታል፤ መግቢያውን ነው የምትፈልገው። ናጊሳ ቦቲዋን አውልቃ ወደ ላይ ወጣች፣ ከማሳው ገባችና በግድቡ ውስጠኛ ጠርዝ በእግሯ እየዳሰሰች ሄደች። ኪኑም ዕድሜዋን ሙሉ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ቀዳዳው ያለበት ቦታ እግርን ሳብ ያደርጋል። ነገር ግን ውኃው ገና አሁን ከበረዶ የቀለጠ ነው፤ የናጊሳ እግር ደንዝዞ ከበድን አይሻልም። እስከ ዳር ደርሳ ተመለሰች፣ ምንም አላገኘችም። ከታች ከግድቡ ጎን አንድ እፍኝ አፈር ተንዶ ወደቀ።

ናጊሳ ቆማ ዙሪያዋን ቃኘች። አረም ለማፈን የሚበተነው የሩዝ ፉርሽካ በጆንያ ሆኖ ዳር ላይ ተቀምጧል። ሄደችና በሁለት እጇ ዘግና በውኃው ላይ በተነችው።

ኪኑ ልትጮህ ምንም አልቀራት። አሁን የአረም ሰዓት ነው? ግድብ እየፈረሰ አረም ይታፈናል?

ፉርሽካው ውኃው ላይ ተኛ። አንድ አፍታ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ቀስ በቀስ መጓዝ ጀመረ፤ ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ሄደ፣ እዚያ ሲደርስ ዞር ዞር አለና ሰመጠ። ናጊሳ በሆዷ ተኝታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ጭድና ጭቃ ጠቀጠቀችበት፣ ተነስታም በተረከዟ እየረገጠች አጠበቀችው። የታችኛው ጅረት ደፈረሰ፣ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

ኪኑ ፈዛ ቀረች። ፉርሽካ ስትበትን የኖረች ሴት ናት፤ ፉርሽካ መንገድ ይመራል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ትንሽ ቀናች፣ በጣም ኮራች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሳኩዞ ወደ ውኃው በር ሄደ። ኪኑ ሰጋች። ግድቡ አልተናደም፣ ግን አፍስሷል፤ ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ይህም ይበቃዋል። ናጊሳም እንዲሁ ፈርታለች። ጭቃ ከክንዷ እየተንጠባጠበ እጁን እጁን ታየዋለች። ሳኩዞ አጎነበሰና የበሩን ሳንቃ በሁለት እጁ ያዘ።

ወደ ላይ ሳበው። ግማሽ ብቻ ተከፍቶ የነበረው በር ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ ውኃውም እየተገፋፋ ወደ ቦዩ ገባ።

«ምን ትገተሪያለሽ?» ሲል ጮኸባት። «ውኃሽ መጣ! ሂጂና ተቀበይው!»

ናጊሳ ቦቲዋን ረስታ በባዶ እግሯ ወደ ማሳዋ ሮጠች።