የአርባ ሁለት ሴኮንድ መልእክት

የአሮጌውን ማሽን ኬብል ስሰካው ላፕቶፔ ላይ የወጣው እንኳን ሰው ሰይጣንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ነበር። የሁለቱ የመነጋገሪያ ፍጥነት አልገጠመም ማለት ነው። ዝቅ አደረግሁት፤ ያው ነው። አንድ ደረጃ ጨምሬ ስሞክር ዝብርቅርቁ ፊደል ሆነና ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ከቢሮ የተሰጠኝን አስገባሁ።

«ነቃ እንዴ?» አለች የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ከኋላዬ ቆማ።

«ነቅቷል፣ እትዬ።»

«ጉድ እኮ ነው! ከእኔ ጉልበት የእሱ ይሻላል።»

ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግራጫ ሣጥን የሕንፃው የድሮ የድምፅ መልእክት መቀበያ ነው። ስልክ የሚያነሣ ሲጠፋ ደዋዩ ድምፁን የሚተውበት። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ከሰው ጋር የሚግባባው በዚህ ወፍራም ኬብል ብቻ ነው። የእኔ ሥራ ውስጡ ያለውን አጥፍቶ «አገልግሎት አይሰጥም» ብሎ መፈረም ነበር። ሊላክ የነበረው ሌላ ባለሙያ ነው፤ እኔ ነኝ አለቃዬን ለምኜ የመጣሁት።

አባቴ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሊፍት ላይ ሠርቷል። አንድ ሐሙስ ጠዋት ገመዱ ተበጥሶ ሊፍቱ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እግሯን አጣች። ዋናው መሐንዲስ «ብልሽት መኖሩን የነገረኝ የለም» አለ። አባቴ «ደውዬ ድምፅ ትቻለሁ» አለ። አንዱ ባለ ዲግሪ፣ አንዱ ባለ ቱታ፤ ማን ይታመናል? አባቴ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ባገኘ ቁጥር «እኔ እኮ ደውያለሁ» ሲል ሰፈርተኛው «ጋሽ ደወልኩ» የሚል ስም አወጣለት። እናቴ እንኳ እስክትሞት ድረስ «ኧረ ይሄን ነገር ተወው በቃ» ትለው ነበር። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመቱ።

«እትዬ፣ የድሮው መሐንዲስ የውስጥ ስልኩ ስንት ነበር?»

«ዐሥራ አራት። ምነው?»

«ልፈትሸው ብዬ ነው።»

የዐሥራ አራት ቁጥርን መልእክቶች እንዲያሳየኝ ማሽኑን አዘዝኩ። አንድ መልእክት። አርባ ሁለት ሴኮንድ። የተተወው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ባለው ቀን። ከጎኑ ማሽኑ ራሱ የመዘገበው አለ፦ በዚያኑ ዕለት ሁለት ጊዜ ተደምጧል።

መልእክቱን ለመስማት የመሐንዲሱን የይለፍ ቁጥር በኬብሉ በኩል ቀየርኩና ጥግ ካለው የጠረጴዛ ስልክ ወደ ዐሥራ አራት ደወልኩ። ድምፅ ማጉያውን ተጫንኩት።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ የሊፍቱ ሰው ነኝ። ቁጥር ሁለት ሲወርድ ይንገጫገጫል፤ ገመዱም የተበላ መሰለኝ። ልዝጋው ወይ? ያለ እርስዎ ትእዛዝ መዝጋት አልችልም። እባክዎ አንድ ሰው ይላኩልኝ።» ከዚያም «ስላስቸገርኩ ይቅርታ» ብሎ ጨረሰ። ሳል ያልገባበት፣ የጎልማሳ ድምፅ።

«ይሄ ያ የተባረረው ሰውዬ አይደለም እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

«አባቴ ነው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «መሐንዲሱ በክብር ጡረታ ሲወጣ ኬኩን የቆረስኩለት እኔ ነኝ» አለች።

ድምፁን በሞባይሌ ቀዳሁና እዚያው ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ አገኘሁት!»

«ምኑን?»

«መልእክትህን! አሮጌው ማሽን ውስጥ አለ። ሰምቶታል፣ ያውም ሁለቴ! እውነትህን ነበር!»

እልል ይላል ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ያለቅሳል ብዬ።

«መደወሌን እኮ አውቃለሁ» አለ። «የደወልኩት እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ማለቴ…»

«አንቺ ግን አታውቂም ነበር።»

«አባዬ!»

«‹አምንሃለሁ› ስትይኝ፣ ሁሉም ቢስቅብኝ ቤቴ ውስጥ አንድ ሰው አለኝ እል ነበር።»

«አምንህ ነበር እኮ!»

«ታዲያ እዚያ ስትሄጂ ለምን አልነገርሽኝም?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ባይገኝስ ኖሮ?» አለኝ።

ባይገኝ ኖሮ ቤት ገብቼ ራቱን አቀርብለት ነበር። ውሎሽ እንዴት ነበር ሲለኝ፣ ደህና ነው እለው ነበር። ሳልነግረው ይህንኑ ዐወቀው።

«በይ ሥራሽን ጨርሺ፣ ልጄ» ብሎ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሴትዮዋ ወንበር ሳበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ኬብሉን ልነቅል ጎንበስ አልኩ። ከማሽኑ ጋር ያያዙትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች በጣቴ ልፈታ ብታገል፣ በየት በኩል እንደሚላሉ ጠፋኝ። ባዞርኳቸው ቁጥር ይጠብቃሉ።