በይርገዱ ጓሮ የተቆፈረው

ይርገዱ ልጇን ቆጥ ላይ ከሸሸገችው ወዲህ የሰው ኮቴ ትፈራ ነበር። አበረ ጎንደር ይማር የነበረ ልጅ ነው። ጓደኞቹ እየታፈሱ ሲወሰዱ ከብት ነጂዎች መሃል ተቀላቅሎ ወረታ እናቱ ቤት ገባ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ፣ የቀይ ሽብር ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ልጅ ያለው ሰው ልጁ የት እንዳለ አያውቅም፤ ቢያውቅም አያውቅም።

ለጎረቤት «አክስቱ ዘንድ አዲስ አበባ ነው» ትላለች። ከእሷ ሌላ ምስጢሩን የያዙት የአበረ የክርስትና አባት ቄስ ወልደ ሥላሴ ብቻ ናቸው።

ግንቦት እንደገባ የቀበሌው ሊቀመንበር በላቸው አንድ እንግዳ አስከትሎ ግቢዋ ዘለቀ።

«እትዬ ይርገዱ፣ ይህ አያልነህ ይባላል። ከደብረ ታቦር የተላከ የጤና ሠራተኛ ነው። ለከተማው ማሳያ የሚሆን አዲስ ዓይነት ሽንት ቤት እዚህ ይሠራል።»

«ስንት ግቢ እያለ እኔ ጓሮ?»

«እሱ ነው የመረጠው» አለ በላቸው።

ሥራው ሰበብ አላጣም። ወረታ ያለችበት የፎገራ መሬት ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ከሥር ይመጣና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይደረመሳል፤ ያለው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ባለፈው ክረምት ተቅማጡ ስንቱን ቤት አስለቅሷል። የአያልነህ ግን በብሎኬት የታነጸ፣ ውስጡ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ውሃ የማያስገባ ነው። ዝቃጩ መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ የጠለለው በቱቦ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ከዚያም ጠጠር በተሞላ ቦይ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። «የከተሞቹ ባለ ሁለት ክፍል ናቸው፤ ይህ ሦስት አለው» ሲል አያልነህ፣ በላቸው ራሱን እየነቀነቀ ሰማው።

«ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» አለ አያልነህ ወደ ይርገዱ ዞሮ። «ስፋቱን የሚወስነው እሱ ነው።»

«እኔው ብቻዬን።»

ሰውየው በተከፈተው በር አሻግሮ ቆጡን አየ። «ለማንኛውም ሰፋ አደርገዋለሁ» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ምግብ ወደ ቆጥ የምታወጣው ሲመሽ ብቻ ሆነ። አያልነህ ጠዋት ይመጣል፤ ውሃ ሊጠይቅ ደጃፉ ላይ ይቆማል፤ ቆሞም አይቸኩልም። ያመጣችለትን ሲጠጣ ዓይኑ ጣሪያ ጣሪያውን ነው።

አንድ ቀን በላቸው ከአንድ ጠብመንጃ ያዥ ጋር ሥራውን ሊያይ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያወሩ አበረን ሳል ያዘው። አፉን አፍኖ ነበር፤ ግን አመለጠው። ያን ጊዜ አያልነህ መዶሻውን ባዶው በርሜል ላይ ወረወረ።

«ቆማችሁ ምን ታያላችሁ? ኑና ይህን ድንጋይ አንሱልኝ!»

ሁለቱንም ወደ ጓሮ ነዳቸው። ጥግ ሲደርስ ዞሮ አያት። መስማቱን ዓይኑ ነገራት።

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?» አሏት ቄስ ወልደ ሥላሴ ስታጫውታቸው።

«ለበላቸው ለምን አሳልፎ ይሰጠዋል? ለብቻው ይዞት ሊሾምበት ነው እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ አያልነህ የቀን ሠራተኞቹን አሰናብቶ ብቻውን ይለስን ጀመር። ይርገዱ እሱ በሌለበት ጓሮ ሄዳ ጉድጓዱን አየችው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚያልፍ ቱቦ አለ። የጠጠሩም ቦይ ከሁለተኛው ነው የሚነሣው። ሦስተኛው ግን ዙሪያውን ድፍን ነው፤ ያለው ቱቦ ሽቅብ ወደ ሰማይ የቆመው ብቻ ነው።

ሲመለስ ጠየቀችው። «ውሃው በየት በኩል ይገባል?»

«ይደርሳል።»

«ይህ ሽቅብ የቆመውስ?»

«የአየር ነው» አለና ልስኑን ቀጠለ።

ጥርጣሬዋ ሁሉ ያን ጊዜ እርግጥ ሆነ። ሙያውን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። ሽንት ቤት ሠሪ አይደለም፤ ሰላይ ነው።

ቄሱ ሌላ መላ አላገኙም። ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርዱ በሽተኞች ሊነሡ ነው፤ አበረ በጋቢ ተጠቅልሎ ከእሳቸው ጋር እንደ ቁስለኛ ይሄዳል።

አበረ አቅማማ። «እማዬ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ሳየው ነው የምውለው። ይህን ሰው አልፈራሁትም።»

«አንተ ማንን ፈርተህ ታውቃለህ?» አለች። ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ጎትታ ሸፈነችው። ጎህ ሲቀድ ከበሽተኞቹ ጋር ወጣ፤ እሷም ከታፈነችበት የወጣች ያህል ተነፈሰች።

ከቀትር በኋላ ቄስ ወልደ ሥላሴ በጭነት መኪና ተመለሱ። ብቻቸውን ነበሩ። መደቡ ላይ ተቀምጠው መስቀላቸውን አገላበጡ።

«ጉማራ ድልድይ ላይ ፈታሾች አስወረዱን» አሉ። «ጋቢውን ገፈፉት። እጁን አዩት፤ የገበሬ እጅ አልነበረም።»

ይርገዱ የደጁ መዝጊያ ሲንኳኳ ሰማች። አያልነህ ነበር፤ ላብ አጥምቆታል፤ ሲሮጥ የመጣ ይመስላል። ከጥጉ ዘነዘናውን አነሣች። እሱ እጇን አላየም። መዝጊያውን ከኋላው ገጠመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እትዬ ይርገዱ፣ ዛሬ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ። ሦስተኛው ክፍል ደርቋል፤ ልጅዎን ቶሎ ከቆጡ ያውርዱት» አላት።