«አውቶቡሱን ብቻ ያዝልኝ»

«ኧረ ንዳው ጋሼ! ፌርማታው ላይ ዝንብ እንኳ የለም... ማንን ነው የምትጠብቀው?»

የጮኸው ፋይል በብብቱ የያዘ ጎልማሳ ነው።

ሾፌሩ በሩን ከፍቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አሳርፎ፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን ቅያስ ያያል።

ከኋላ በግራ በኩል የተቀመጠች ሴት ሰዓቷን አየችና ጻፈች... «አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት። ቆሟል። የሚሳፈር ሰው የለም።»

ይህች ሴት የአውቶቡስ ድርጅቱ ተቆጣጣሪ ናት።

ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። ሾፌሩ እዚህ ፌርማታ ላይ የዘገየባቸው ስድሳ ሦስት ማለዳዎች ከነደቂቃቸው ተዘርዝረውበታል። ከግርጌው ድምሩ... ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

ነገ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሰበሰባል። እሷ «ያለ በቂ ምክንያት» ብላ ከፈረመች፣ ሃያ ስድስት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ይባረራል።

ምክንያቱን ሲጠየቅ የሰጠው መልስ አጭር ነበር።

«ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«ስሙን አላውቀውም።»

ተቆጣጣሪዋ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልሰማችው ሰበብ የለም። ጎማ፣ ቁርጠት፣ የሚስት ምጥ... አንዱማ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሚስቱን አስምጧል። እንዲህ ያለ ሰነፍ ሰበብ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«ዘመድህን በራስህ መኪና አመላልስ እንጂ!» ባለፋይሉ አላቆመም።

ከጎኑ ያሉት ልብስ ሰፊ ሴት በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«ዝም በል ልጄ... ቁጥር ታሳስተናለህ።»

«የምን ቁጥር?»

«ሃያ ስምንት... ሃያ ዘጠኝ...»

ተቆጣጣሪዋ ያኔ ቀና አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ስልኩን የሚነካካ አንድ ሰው የለም። ሁሉም አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሯል።

ተነሥታ በመስኮቱ አየች።

ከቅያሱ ውስጥ አንድ ሰው እየመጣ ነው። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች ብረት ናቸው። ክራንች አልያዘም። የሚደግፈው ሰውም የለም።

ጠጠር ላይ ረገጠ... ተንገዳገደ... የአጥሩን ግንብ ያዘ።

ባለፋይሉ ብድግ አለ። «ልውረድና ልደግፈው!»

«ቆይ!» አለ ሾፌሩ። ተሳፋሪዎቹ «ጋሼ ቆይ» የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ሾፌሩ ቀጠለ...

«እኛስ ዝም ብለን የምናየው ጨክነን መሰለህ? የመጀመሪያ ቀን ወርጄ ክንዱን ያዝኩት። ምን አለኝ መሰለህ? "አባቴ፣ ዛሬ እኔን ከያዝከኝ ነገ አንተ ከሌለህ አልወጣም። እኔን አትያዘኝ... አውቶቡሱን ብቻ ያዝልኝ።"»

ባለፋይሉ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ሰውየው ግንቡን ለቀቀ። መጣ። የበሩን ብረት ይዞ አንዱን ደረጃ ወጣ... ሁለተኛውን ወጣ።

«እንዴት አደራችሁ! ዛሬስ?»

«አንድ ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ!» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

ባለፋይሉ ወንበሩን ሊለቅለት ተነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ተቀመጥ ወንድሜ። እኔ መቆም ነው ያማረኝ።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ባለፋይሉ ጠጋ ብለው፣ «አትፈር፣» አሉት። «በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሾፌር ለድርጅቱ የከሰስኩት እኔ ነኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን አወጣች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታይ የኖረችው ድምሩን ነበር። ቅጹ የሚጠይቀው ድምር ብቻ ነው። አሁን ከላይ ወደ ታች አነበበችው።

የመጀመሪያው ማለዳ... ስድስት ደቂቃ ከአሥር።

አሥረኛው... አምስት ከሃያ።

ሠላሳኛው... ሦስት ከአርባ።

ሃምሳኛው... ሁለት ከአምስት።

ትናንት... አንድ ከአሥራ ሁለት።

መዝገቡ «መዘግየት» ያለው፣ አንድ ሰው እንደገና መራመድ ሲማር በየቀኑ የተለካ ልክ ነበር። ሐኪሙ እንኳ ይህን ያህል መረጃ የለውም።

እጇ ላይ ያለው ወረቀት ከበዳት።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት አልለመነችም፣ አላለቀሰችም። የትናንቱን ማለዳ ጨምራ ስድሳ አራቱን ቁጥሮች በተራ አነበበች። አርባኛው ላይ ስትደርስ ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ።

ውሳኔው ይህ ነው... ሾፌሩ አይሰናበትም። ሕግ ጥሷልና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። በዚያ ፌርማታ የመቆያው ጊዜ ላይ አንድ ደቂቃ ይጨመር።

ሾፌሩ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ፈረመ። «እውነት ነው፣ አጥፍቻለሁ» አለና ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ መንገዱ ተዘጋግቶ አውቶቡሱ ዘግይቶ ደረሰ።

ባለብረት እግሩን ሰው ፌርማታው ላይ ቆሞ አገኙት። ብቻውን። ቀድሟቸው።

የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ጋሼ ቆይ! ሁለት ደቂቃ አርፍደሃል... ልክሰስህ እንዴ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ።

ሾፌሩ ግን አልሳቀም። ፍሬኑን ያዘ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ታላቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ።

ወዳጆቼ... ድምር አይዋሽም፣ ነገር ግን ሁሉንም አይናገርም። «ይህ ሰው ዘገየ» ብለን ከመፈረማችን በፊት፣ ትናንት የት እንደነበረ እንይ። ክንዱን መያዝ የሚጎዳው ሰውም አለ፤ ለእሱ በር ከፍቶ መጠበቅ ይበቃዋል።

እናንተስ... ሁሉም «ንዳው!» ሲል በሩን ሳይዘጋ የጠበቃችሁ ሰው ማን ነው? ስሙን ባታውቁትም ያደረገላችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉለት።