ድምፁ

ስልኩ ሲነሣለት ደዋዩ ሰላምታም አላበዛ። «ድምፁን አልቻልኩትም» አለ። «ልክ ሥራ ልጀምር ስል ይነሣል። ዝም አለ ብዬ ስቀመጥ እንደገና ይጀምራል። ሊያሳብደኝ ነው።»

ስልኩን ያነሣው ካቻ ነው፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ። ካቻቪቴ ከኪሱ ስለማይለይ ሰፈሩ እውነተኛ ስሙን ረስቶታል። እንዲህ ያለ እሮሮ በሳምንት አሥር ጊዜ ስለሚሰማ ብዙ አልጠየቀም። የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ፋን አርጅቷል፣ በቃ። ሦስት ዓይነት ፋን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሄደ።

የቤቱን በር የከፈተችለት የደዋዩ እኅት ነበረች። እሷም እጅ ላይ ካቻቪቴ አለ። መተላለፊያው ላይ ትልቅ ሻንጣ ቆሟል። ከሻንጣው ጎን ከመቃኑ የተነቀለ የክፍል በር ግድግዳ ተደግፏል፤ ማጠፊያውና ብሎኑ በፌስታል ተቋጥሯል። ካቻ በሆዱ፣ ይቺ ሴት በሩንም ተሸክማ ልትሄድ ነው እንዴ አለ።

የተነቀለው የአባትየው ክፍል በር ነው። ሽማግሌው እግራቸው ከከዳቸው ዓመት አልፏል፤ እጃቸውም ብርጭቆ አይዝም። የቀረቻቸው ድምፃቸው ብቻ ናት። ሲጠማቸው ይጣራሉ፣ ጎናቸው ሲቃጠል ይጣራሉ፣ አየር ሲያጥራቸው ይጣራሉ። እስከ ዛሬ የምትሮጠው ሴቷ ልጅ ነበረች። ነገ ግን ለሁለት ዓመት ሥራ ርቃ ትሄዳለች። ከነገ በኋላ ሽማግሌው ከወንዱ ልጅ በቀር ሰው የላቸውም።

ካቻ አልወደዳትም። ፊቷ እንደተቋጠረ ነው፤ ግባ እንኳ አላለችውም።

«ዝም የሚለውን ግጠምለት» አለችው። «እሱ ምንም ቢልህ፣ ዝም የሚለውን።»

አባት ጥሎ መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ትእዛዙ ምንድን ነው? ካቻ በጎኗ አልፏት ገባ።

ወንድምየው ግን የማር ጠብታ ነው። ወንበር ሳበለት፣ ውሃ አመጣለት፣ ወንድሜ ወንድሜ አለው። ኑሮው የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር መሥራት ነው። ጠረጴዛው ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ከተነቀለው የአባቱ ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ ቀና ካለ አልጋቸው ላይ ያያቸዋል። ስለ እኅቱ ክፉ አልተናገረም። ትንሽ ትጨነቃለች፣ ሰው አታምንም፣ ይኸው በሩን ነቀለችው፣ ምን ይደረግ አለ።

«እኔ እንደሆንኩ ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

የካቻን አንጀት በላው። የራሱን እናት ካያት ስንት ወሩ እንደሆነ ሊቆጥር ጀምሮ ተወው።

የኮምፒውተሩን ሳጥን ፈታ። አሮጌው ፋን አቧራ ጠግቦ ሲያሻው ይጮኻል፣ ሲያሻው ይቆማል። ካቻ አዲሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ እንደ መምህር አስረዳ። ሰፊው ፋን በዝግታ ይዞራል፣ በዝግታውም ብዙ አየር ይገፋል፤ ከተኛ ሕፃን በላይ አይተነፍስም። መካከለኛው ትንሽ ያፏጫል። ትንሹ ደግሞ ማቀዝቀዙን ያቀዘቅዛል፣ ግን አየር የሚገፋው በፍጥነት ስለሆነ ወፍጮ ቤት ነው። እሱን ይዞ የመጣው ለማነጻጸር ያህል ነበር። ለንድፍ ሥራ ሰፊው ይበቃል፣ አከተመ።

ሰውየው ሦስቱም ይሞከሩ አለ። ተነሥቶ ወደ አባቱ ገባ፤ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለ፣ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ ተመልሼ እስክመጣ ጥራኝ። እንዳታቋርጥ፣ እሺ?»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። እኅትየው መተላለፊያው ላይ ቆማ ይህን አየች። ፊቷ መፈታት ሲገባው ባሰበት። ትንሽ ቆየችና ጎረቤት ልትሰናበት ወጣች። ካቻ በዐይኑ ሸኛት፤ እሰይ አለ በሆዱ።

ሰፊው ተሰካ። «ልጄ… ልጄ…» የሚለው ድምፅ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ያህል ጥርት ብሎ መጣ። ካቻ አላልኩህም በሚል ዐይን አየው። ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ። ቀጣዩን አለ።

መካከለኛው ተሰካ። ድምፁ ከፉጨቱ ጋር ተቀላቀለ፤ ቢሆንም ጆሮ ለሰጠው ይደርሳል። ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ክፍሉ ሰብሮ ብዙ አዳመጠ። እንዲህ የሚጠነቀቅ ልጅ ካቻ አይቶ አያውቅም። ከወለዱ አይቀር እንዲህ ያለውን ነው አለ ለራሱ። ፋኖቹን ሲቀያይር ሽማግሌው አላቋረጡም፤ ድምፃቸው ሻክሯል፣ ግን ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ትንሹን ሲያነሣው ሰውየው አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ይሄኛው ቀኑን ሙሉ በዚሁ ፍጥነት ነው የሚዞረው? መሃል ላይ ጩኸቱ ጋብ አይልም?»

«ማሽኑን ካላጠፋኸው ጋብ አይልም» አለ ካቻ። «ክፋቱም እሱ አይደል?»

ሰካው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ካቻ እየሳቀ ወደ ሰውየው ጆሮ ተጠጋና በዚህ ላይ ጣራው ቢወርድ አይሰማም አለው። ከክፍሉ ምንም አይመጣም። ሽማግሌው ደክሟቸው ተኙ መሰለኝ ብሎ ሊነቅለው እጁን ሰደደ።

ሰውየው እጁን ያዘው። በሩ በተነቀለበት ክፍተት አሻግሮ የአባቱ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ትንሽ ተመለከተ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ተመስገን፣ ድምፁ ጠፋ» አለ። «እሱን እሰረው።»