ዛሬ ምን አየሽ?

ዐብዱናስር በስልሳ አንድ ዓመቱ «እንግሊዝኛ መጻፍ ልማር ነው» ሲል ሚስቱ መብሩካ ሳቀች። ከልጃቸው ሞት ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰውየው ኤረር በር አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል። ለዚህ ሥራ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና የቤቱ ሐረሪኛ ይበቃሉ፤ ዕድሜውን ሙሉ በቅተውታል። እንግሊዝኛው ምን ሊያደርግለት እንደሆነ ሲጠየቅ «ጭንቅላቴ እንዳይዝግ ነው» ይላል። ጎረቤት አላመነውም፤ ጎረቤት መቼ አምኖ ያውቃል።

አንድ ልጃቸው ዋፋ ነበረች። ለትምህርት በሄደችበት አገር መኪና ገጫት፤ እዚያው ተቀበረች። ስልኩ የተደወለ ቀን መብሩካ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገላዋ ምንም ሳይነካ እንዲቀበር። ዐብዱናስር «እሺ» አላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅቷ ተነጋግረው አያውቁም።

ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ግን የዋፋ ምንጣፍ እንደተጠቀለለ ነው። በሐረሪ ቤት እዚያ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፤ ስትዳር ይወርዳል። ሳትዳር ለሞተች ምን እንደሚደረግ የነገራቸው ስለሌለ ማንም አላወረደውም። መብሩካ በየሳምንቱ አቧራውን ታራግፋለች። ለምን እንደምታራግፍ እሷም አታውቅም።

ዐብዱናስር ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ወደ ሐኪም ጋራ ይሄዳል። የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡት መምህርት ለተማርያም ናቸው። ሰባ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቀይ እስክሪብቶ ግን ከእጃቸው አይለይም።

«የማያስፈልግዎን ቃል ደብተርዎ ላይ አይጻፉ» ይሉታል። «ያስፈለገዎትን ደግሞ ሦስት ዐረፍተ ነገር ካልሠሩበት የርስዎ አይደለም።»

እሱም ይሠራል። የታረመበትን ገጽ እንደ ትንሽ ተማሪ ከላይ ጀምሮ እንደገና ይገለብጣል። በአንድ ዓመት ሦስት ደብተር ሞላ።

ከዚያ ከውጭ አገር ፖስታ ይመጣለት ጀመር፤ በየወሩ አንድ። ሱቁ ውስጥ ያነበዋል፤ በማያውቀው ቃል ሥር ያሰምርና ቃሉን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ደብዳቤዎቹን ሣጥን ውስጥ ይቆልፍባቸዋል። ደብተሩን አይቆልፍበትም።

መብሩካ ደብተሩን ይዛ ወደ እህቷ ልጅ ወደ ዐድናን ሄደች። ዐድናን ስልክ ይጠግናል፤ እንግሊዝኛም ያነባል።

«ምን ይላል?» አለችው።

«ቃላት ናቸው፣ አክስቴ። በረዶ፣ ሐይቅ፣ መስኮት፣ ቅጠል። ሰማያዊ ብቻ አራት ዓይነት አለ።» ገጹን ገለጠ። «እዚህ ጋ የደብዳቤ ረቂቅ አለ። የተጻፈው ለሴት ነው፤ ስሟ ግን የለም።»

«አንብበው።»

«'ዛሬ ምን አየሽ?' ይላል። እዚህም 'ዛሬ ምን አየሽ?' ይላል። እዚህኛው ላይ ደግሞ 'ብዙ አታንብቢ፣ እንዳይደክምሽ።'» ዐድናን ፈገግ አለ። «መቼም ይጨነቅላታል። ስሟን የማይጽፈው ግን ያለ ነገር አይደለም።»

መብሩካ ደብተሩን ተቀበለችው። አልተቆጣችም። ለመቆጣት የሚሆን ነገር ውስጧ አልቀረም ነበር። ቤት ገብታ ልብሷን አንድ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ነገሩ እውነት ከሆነ ድሬ ጠያራ፣ ወንድሟ ዘንድ ትሄዳለች፤ የሠላሳ ዓመት ትዳርም በዚያው ያበቃል። ሻንጣውን በሩ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ዐብዱናስር ግን ልብ አላለውም።

ዐርብ ዕለት ለጁምዓ ሲወጣ ኮት ለወጠ። በአሮጌው ኮት ኪስ ውስጥ አዲስ ፖስታ ነበር። መብሩካ አውጥታ ወደ ሐኪም ጋራ ወጣች።

«ግቢ፣ መብሩካ፤ ቁጭ በይ» አሉ መምህርቷ።

«አልቀመጥም፣ እትዬ ለተማርያም። ይቺን ያንብቡልኝ።»

መምህርቷ ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄንን ባለቤትሽ ቢያነብልሽ ይሻላል።»

«ሊያነብልኝ ቢፈልግ ኪሱ ውስጥ ባልደበቀው። ወላሂ አልጮህም። ያንብቡልኝ ብቻ።»

መምህርቷ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«'የተከበሩ ጌታዬ፤ ዛሬ ምን አየሽ ብለው ጠይቀውኛል። ዛሬ ነጭ ቀሚስ አየሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ከአንገቱ እስከ ጫፉ አየሁት። በሚመጣው ወር አገባለሁ።'»

መብሩካ ራሷን ነቀነቀች። የጠበቀችው ነገር ነው፤ ቢሆንም ተቀመጠች።

«አለቀ?»

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«እሱንም ያንብቡልኝ።»

«'ለባለቤትዎ መንገር እንደፈሩ ጽፈውልኛል። አልፈርድብዎትም። በሠርጌ ቀን የማየውን ሁሉ ግን የማየው እርስዎ በሰጡኝ በልጅዎ ዐይን ነው።'»

ማምሻውን ዐብዱናስር ቤት ሲገባ መብሩካ በርጩማ ላይ ቆማ የዋፋን ምንጣፍ ከበሩ በላይ እያወረደች ነበር፤ «ያዝልኝ፣ ከብዶኛል» አለችው።